እስከ ሃያኛው አንሶላ

አንሶላ ማጠፍ የተማርኩት ከእናቴ ነው። ማንበቡን አራተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ አንሶላውን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቅኩትም።

እማዬ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ነበር የምትሠራው። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በኋለኛው በር ገብቼ ደረጃውን እወርዳለሁ። አንሶላው ከእኔ ቁመት ስለሚበልጥ ሁለቱን ጫፍ ታስይዘኝና ወደ ኋላዋ ትሄዳለች። "ሳቢ!" ትላለች፤ እስባለሁ። "አራግፊ!" ትላለች፤ አየር ከሥሩ ይገባና አንሶላው በመካከላችን እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል። እኔ የምጠብቀው ሦስተኛዋን ቃል ነው። "ነይ!" ስትለኝ ጫፌን ይዤ ወደ እሷ እሮጣለሁ። ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም እጄ እጇን ይነካል፣ አንዳንዴ ግንባራችን ይጋጭና እንስቃለን። ሳሙናና ትኩስ ጨርቅ ትሸታለች። ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ። ሳቢ፣ አራግፊ፣ ነይ። በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ "ነይ" ትለኝ እንደነበር እንጃ። አሁንም ብቻዬን ስሆን ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ያኔ ማጠቢያው ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው አልነበረም። የየክፍሉ አንሶላ እንዳይደባለቅ ጥጉ ላይ ባለቀለም ክር ይሰፋበታል፤ ይህን ዘዴ ያመጣችው እማዬ ናት። ቀይ ክር የድንገተኛ ክፍል፣ ሰማያዊ የቀዶ ሕክምና፣ አረንጓዴ የወላዶች፣ ቢጫ የሦስተኛ ፎቅ። ሦስተኛ ፎቅ የአእምሮ ሕክምና ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ "ቢጫ ክር" በእኛ ዘንድ ስድብ ሆነ። ብቻዋን ያወራች፣ ቁልፍ የጠፋባት፣ ባሏን ጥላ ወጥታ በሳምንቷ የተመለሰች ሁሉ "ተያት እቴ፣ ቢጫ ክር ናት" ትባላለች። እኔም ብዬዋለሁ፤ እየሳቅኩ።

ከማጠቢያው ቀጥሎ ካውያ ክፍሉ አለ። ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩ ከባድ ብረት ነው። መሃሉን የያዘው ትልቁ ካውያ ነው። መንገድ የሚደለድለውን መኪና የመሰለ የጋለ ጥቅል ብረት ስላለው "ዳምጠው" እንለዋለን። ከፊቱ ሁለት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ያጎርሱታል፤ ከኋላው ሁለት ሴቶች ተተኩሶ የወጣውን ተቀብለው ያጥፋሉ። አንድ አንሶላ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። እኛ ግን በደቂቃ አንቆጥርም። "ለምሳ ስንት ቀረን?" ስትባዪ "አርባ አንሶላ" ነው መልሱ። ሻያችን የሚፈላው በሃያ አንሶላ ነው።

እማዬ አርባን አለፍ እንዳለች አንድ ነገር ይይዛት ጀመር። ከእትዬ ሽቦ ጋር እያጠፈች ሳለ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ "አየር! አየር!" ትላለች። እትዬ ሽቦ ስሟ ሌላ ነው፤ ሽቦ ያስባላት ቅጥነቷ ነው። እማዬን እንደ ታላቅ እህቷ ነበር የምታያት፤ ስለዚህ ለማጠቢያው በሙሉ ሕግ አወጣች። "ይህ ነገር ሲይዛት አምስተኛው አንሶላ ሳይወጣ እሷ ትውጣ!" ሕጉ ተከበረ። ዳምጠው ይቆማል፣ አንዷ በር ትከፍታለች፣ አንዷ ውሃ ይዛ ትሮጣለች፣ እትዬ ሽቦ ብብቷ ሥር ገብታ ኮሪደር ላይ ታስቀምጣታለች። አንድም ሰው ሥራ ተጓተተብኝ ብሎ አላጉረመረመም። ደጋግ ሰዎች ነበሩ።

"ልቧ ነው" ተባለ። ቤት ውስጥ ደረጃ እንዳትወጣ፣ ባልዲ እንዳታነሳ፣ ክፉ ወሬ እንዳትሰማ ሁላችንም እንጠብቃት ነበር። በመጨረሻ ካውያ ክፍሉን ጨርሳ ተወችው። ከእሱ በላይ፣ የልብስ መጠገኛ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር ወንበር ተሰጣት። ክር እየሰፋች አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠችበት። የገደላት ኩላሊቷ ነው። በመጨረሻው ሰሞን ያከማት ሐኪም "ልባቸውማ ጠንካራ ነው" ሲለን፣ የሌላ ሰው ወረቀት አይቶ ነው ብዬ ነበር።

ካውያ ክፍሉን ስትተወው ቦታዋን የተካሁት እኔ ነኝ። ከእትዬ ሽቦ ትይዩ ቆሜ ሃያ ሰባት ዓመት አጠፍኩ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምንም ሳይኖር፣ መጣብኝ። ከማንም አልተጣላሁም፣ ቁርሴን በልቻለሁ፤ እትዬ ሽቦ ስለ ጎረቤቷ ዶሮ እያወራችኝ እየሳቅኩ ነበር። ድንገት ልቤ ደረቴን ከውስጥ ይደበድበው ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ክፍሉ ከእኔ የራቀ፣ የእትዬ ሽቦ ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለኝ። ሞቴ ነው አልኩ። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። እትዬ ሽቦ ፊቴን አይታ አንሶላውን ጣለችው።

"ወይኔ! የእናቷ ነገር!"

አምስተኛው ሳይወጣ ወጣሁ።

ሽርጤን እንዳሰርኩ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። አልጋ ላይ አጋደሙኝ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉብኝ። ነርሷ "ምን ይሰማዎታል እናት?" አለችኝ።

"እየሞትኩ ነው። ይሄን አንሶላ ግን ያጠፈው ማነው? ጥጉ ተጣሟል።"

ሳቋን መያዝ አቃታት። ልቤ ደህና ነው ተባልኩ። አላመንኩም። በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ፤ በአሥራ አምስት ቀኑም። በአራተኛው ጊዜ ያየችኝ ሐኪም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እናት፣ ልብዎ ከእኔ ልብ ይሻላል። ደምዎን አየን፣ የእንቅርት ምርመራም አደረግን። ሁሉም ደህና ነው።"

"ታዲያ ውሸቴን ነው?"

"አይደለም። የሚሰማዎት እውነት ነው፤ የሚመጣው ግን ከልብዎ አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ የሚያነጋግርዎት ሰው አለ፤ ወረቀት ልጻፍልዎት።"

"ሦስተኛ ፎቅ? ቢጫ ክር?"

ምን እንዳልኩ አልገባትም። ወረቀቱን ጻፈችልኝ፤ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሽርጤን ማታ አውልቄ ከሚታጠበው ጋር ጣልኩት። በሕይወቴ ኪስ ሳልፈትሽ ልብስ ያሳጠብኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ረስቼው እንዳልሆነ ደግሞ ራሴ አውቃለሁ። ጠዋት ወረቀቱ ነጭ ድቡልቡል ሆኖ ወጣ። እሰየው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ እንደ ሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ታጥቦ ጠበበ። መጀመሪያ ሊፍት ተውኩ። ቀጥሎ አውቶቡስ ተውኩ፤ አንድ ሰዓት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ቀጥሎ ገበያ። የልጆቼ አባት "ሻይ ቀንሺ" አለኝ። ቀነስኩ። ሻዩ ቀነሰ እንጂ ሕመሙ አልቀነሰም። ካውያ ክፍል ስገባ ገና በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። እትዬ ሽቦ ዓይኗ ከፊቴ አይነሳም፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ታወጣኛለች።

አንድ ቀን አለቃችን አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እማዬንም ያውቃታል።

"መጠገኛ ክፍል ያለው ወንበር ክፍት ነው" አለኝ። "ደመወዝሽ አይነካም። መስኮት አለው፣ ቀዝቃዛ ነው። የእናትሽ ቦታ እኮ ነው።"

"እኔ ዳምጠው ነው ቦታዬ።"

"በቀን ሦስት ጊዜ እየቆመ?"

"ይቆማላ! የቆመ ነገር ይነሳል።"

"ግትርነትሽን ተዪው አሁን። የዳምጠውን ቦታሽን ሁለት ወር ባዶ አቆይልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው እቀጥርበታለሁ፤ አንቺም በወንበሩ ትቀሪያለሽ። ለአንቺው ብዬ ነው።"

ተቀመጥኩበት። የወንበሩ መደገፊያ በእማዬ ክርን የተበላ ነው፤ ክርኔን ሳሳርፍ ልክ ገባ። መሳቢያው ውስጥ የእሷ የክር ጥቅልሎች አሉ፤ ቢጫው ብዙም አልተነካም። በመስኮቱ የልብስ ማስጫው ግቢ ይታያል። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ ማለት እችላለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ልቤም ጸጥ አለ።

በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ዳምጠው ከሥሬ ነው። አንሶላ በጎረሰ ቁጥር ወለሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንድ። እረፍት። ሁለት። እረፍት። መርፌዬን አቁሜ ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ስደርስ አለቀስኩ። እማዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቁጭ ብላ ይህን በእግሯ ትሰማ ነበር። ከሥራ ስመለስ "ዛሬ ከምሳ በኋላ ዘገያችሁ" ትለኝ ነበር፤ ማን ነገራት እያልኩ እገረም ነበር። ለካ ማንም አልነገራትም። ሥራዋ ከሥሯ ሲሄድ እየሰማች ነው የኖረችው።

እኔስ አልቀመጥም አልኩ። እልህ ነው የያዘኝ። በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ሐኪሟን "ያን ወረቀት አጠብኩት፤ ሌላ ስጪኝ" አልኳት።

ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ክንዴ ላይ ሁለት የታጠፈ አንሶላ ይዤ፣ እንደሚያደርስ ሰው። አግዳሚው ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የሆስፒታሉ የበር ዘበኛ! ያ በር የሚያህል ሰውዬ። ሁለታችንም ደነገጥን።

"አንሶላ ላደርስ ነው" አልኩት።

"እኔም... ልጠብቅ ነው" አለ።

"ማንን?"

"ወለሉን።"

ከዚያ ጠጋ ብሎ "እኔን አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚይዘኝ፤ አንቺንስ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ወሬ በሕይወቴ አውርቼ አላውቅም። ተራዬ ሲደርስ አንሶላውን እሱ ያዘልኝ።

የሚያነጋግረኝ ልጅ እግር ነው፣ ጋውን አልለበሰም። "ዶክተር" ስለው "ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ" አለ። አነሰብኝ። ግን መቀመጥ ተቀምጫለሁ፤ ነገርኩት።

"ይህ ነገር ስም አለው" አለኝ። "ፓኒክ አታክ ይባላል፤ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት። ሰውነት አደጋ መጣ ብሎ ይነሳል፤ አደጋው ግን የለም። እስቲ ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ።"

ስለ ዳምጠው ነገርኩት። እንዴት እንደሚያጎርሱት፣ አጉራሽ እጇን እንዳይበላት ከፊቱ ቀጭን ዘንግ እንዳለው፤ ጣት ከነካው ዳምጠው ቀጥ ይላል። አንድ ክረምት ያ ዘንግ ባሰበት። ክር ሲነካው ይቆማል፣ እንፋሎት ሲነካው ይቆማል፣ ምንም ሳይነካውም ይቆማል። ሴቶቹ መካኒኩን "ቆርጠህ ጣልልን!" አሉት። "እሱን ቆርጬ ጣታችሁን ለዳምጠው ልስጠው?" አለና ውስጡ ያለውን ስፕሪንግ አስተካከለው። ዘንጉ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚያቆመው ግን ለጣት ብቻ ነው።

ልጁ መጻፉን ትቶ ያየኛል።

"አሁን የነገሩኝ የራስዎን ሕመም ነው" አለኝ።

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መሆኑ ደግሞ አናደደኝ።

"ሲመጣብዎት ምን ያደርጋሉ?"

"እወጣለኋ።"

"ሁልጊዜ?"

"ታዲያ ሞኝ ነኝ ቆሜ የምሞተው?"

"ባይወጡ ኖሮ ምን ይመጣል?"

"ነገርኩዎት እኮ። ሞት።"

"ከዚህ የሞተ ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"እናቴ..." ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። እናቴን የገደላት ኩላሊቷ ነው።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ፍርሃቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጫፍ ይደርሳል፤ ከጫፉ በኋላ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ መንገድ የለውም። ሰው ግን ጫፉ ሳይደርስ ስለሚሸሽ፣ ያዳነኝ መሸሼ ነው ይላል። በሚቀጥለው ቀን ዘንጉ ይብስበታል። መድኃኒትም አለ፣ ብዙ ሰውን ይረዳል፤ ካስፈለገ ከሐኪሟ ጋር እንነጋገራለን አለኝ። መጀመሪያ ግን እንሞክረው ተባባልን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ይተንፍሱ።" እሱም ከእኔ ጋር እንደ ሯጭ ውሻ ይተነፍስ ጀመር። ራሴ ዞረ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ልቤ ተነሳ። ራሱ ነው! ከንዴቴ የተነሳ አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

"ላስወግደው መጥቼ አንተ ትጠራልኛለህ?"

"ጠርተውት ሲመጣ..." አለና ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆመ። "አያባርሩትም። ቁጭ ብለው ሲሄድ ያዩታል።"

ቁጭ ብዬ አየሁት። ሄደ።

የቤት ሥራ ሰጠኝ፤ ከአራተኛ ክፍል በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ደረጃ በሩጫ መውጣት፣ ሊፍት፣ አንድ ፌርማታ አውቶቡስ፣ ወጥ ቤት ቆሞ መሽከርከር። የልጆቼ አባት በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ምን ሆነሽ ነው የምትሽከረከሪው?"

"መድኃኒቴ ነው።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት።"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በማግስቱ ግን ጠረጴዛውን ገፋ አድርጎ ቦታ አሰፋልኝ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁለታችንም ብረቱን ጨብጠን፣ ላባችን እየወረደ፣ አንድም ቃል ሳንነጋገር ሦስት ፌርማታ ሄድን። ስንወርድ "እንዴት ነበር?" አለኝ። "መጥፎ" አልኩት። "የእኔም" አለ። እየሳቅን ወደ ሥራችን ገባን።

ሁለቱ ወር ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው አሥር ደቂቃውን በእኛ ቆጠራ አሰላሁት። ሃያ አንሶላ ነው። ማንቆርቆሪያው የሚፈላበት። ያን ቀን ሻይ ላይ እትዬ ሽቦን ጠየቅኳት።

"እትዬ ሽቦ፣ እማዬን ሲይዛት ስንተኛው ላይ ነበር የምታወጫት?"

"አምስተኛውን አናስጨርሳትም ነበር፤ ሕግ ነበራ! አንድ ቀን እንኳን አልተሳሳትኩም።"

"ስድስተኛው ላይ ምን ይመጣ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አይተነው አናውቅማ!"

ይህን ብላ ብርጭቆዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው። የሁለታችንም ሐሳብ አንድ ቦታ ደረሰ መሰለኝ።

"ምን ልትዪኝ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"ሰኞ እገባለሁ። ቢመጣብኝ እንዳታወጪኝ።"

"ልትገድዪኝ ነው እንዴ? እናትሽን በእነዚህ እጆቼ ደግፌ ያወጣሁ ሰው ነኝ! አንቺን ቆሜ ልይሽ?"

"እስከ ሃያኛው። ከዚያ ከፈለግሽ ተሸክመሽ አውጪኝ።"

"አንቺን መሸከም! ራስሽን አይተሻል?"

"እትዬ፣ ማዪልኝ።"

አልማለችም። ግን እንቢ አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ሽታው ያው ነው፣ ሳሙናና ትኩስ ጨርቅ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ። አጉራሾቹ "እንኳን ደህና መጣሽ! ወንበሩ ቆረቆረሽ?" ብለው ቀለዱብኝ። ዳምጠው ተነሳ። አጠፍን። ጥሩ ነበርን። እትዬ ሽቦ ስለ ዶሮዋ ባለቤት እንኳን ጀምራልኝ ነበር።

ከዚያ መጣ። እንደ ድሮው፣ ሳያንኳኳ። ልቤ ተነሳ፣ ግድግዳው ራቀ። በልቤ "አንድ" አልኩ።

ሁለት። ሦስት። የእትዬ ሽቦ ወሬ ተቋረጠ፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ተተከለ። አራት። አምስት። እግሯ ወደ ዳምጠው ማቆሚያ ቁልፍ ሲሄድ አየሁት።

"ሳቢ!" አልኳት።

ድምፁ የእኔ አልነበረም፤ የእማዬ ነበር። እትዬ ሽቦም ሰማችው መሰለኝ፣ እግሯ ተመለሰ። ሳበች።

ስድስተኛው ወጣ። ስድስተኛው እማዬ ያልረገጠችው አገር ነው። ሰባት፣ ስምንት። ዘጠነኛው ላይ እውነት ለመናገር ልጁን ረገምኩት፤ አታሎኛል አልኩ። እግሬ አልያዘኝም፣ ጣቶቼ አንሶላውን መያዛቸውን አላውቅም። "አራግፊ" አልኩ፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። አሥር። አሥራ አንድ። ያው ነው። ግን ያው ነው፤ አልባሰም። አሥራ ሦስተኛው ላይ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንዳቃጠለኝ ልብ አልኩ። የሚሞት ሰው ዓይኔን አቃጠለኝ ይላል? አሥራ አምስተኛው ላይ ጥጉን ስይዝ ክሩ ታየኝ፤ ቢጫ ነው። የሦስተኛ ፎቅ አንሶላ ነው የያዝኩት፤ የዘበኛው ነው፣ የእኔም። ጥጉን አስተካክዬ ያዝኩት። አሥራ ሰባት። ትንፋሼ ወደ ሆዴ ወረደ። አሥራ ዘጠኝ። እጄ የራሴ ሆነ።

ሃያ።

ቆሜያለሁ።

እትዬ ሽቦ ጫፏን እንደያዘች ታለቅሳለች። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል።

"አምስተኛው ላይ አወጣኋት እኮ" አለችኝ። "ሁልጊዜ። አንድ ቀን እንኳን አልተሳሳትኩም።"

"ትወጃት ስለነበር ነው።"

"አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት አንሶላ ነበር የቀራት! ያንን ብታገስ..."

"ማንም አልነገረሽም እትዬ። ማንም አልነገረንም።"

ከፊት አጉራሾቹ ጮኹ፦ "እናንተ! አንሶላው ወለል ላይ እየወደቀ ነው! ተኝታችኋል?" ጩኸቱን ሰምቶ አለቃችን በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። እትዬ ሽቦ ስታለቅስ፣ እኔ በላብ ርሼ አየን።

"ምን ሆናችሁ? ይዟታል? ላስወጣት?"

"በሩን ዝጋው፣ ሙቀቱ ይወጣል" አልኩት።

አንዴ እኔን፣ አንዴ እትዬ ሽቦን አየ። "ወንበሩስ?"

"ክር ሰፊ ፈልግለት።"

ዘጋው።

አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ አይመጣም ብዬ አልዋሽም። ሦስተኛ ፎቅም ቀጠሮዬን አልተውኩም፤ አንሶላ ሳልይዝ ነው የምወጣው። ሴቶቹ "ቢጫ ክር" ሲባባሉ "አቤት፣ ምን ፈለጋችሁ?" እላቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ያፍራሉ፣ አንዷ ግን ሰሞኑን ለብቻዬ ጠብቃ "ስንተኛው በር ነው?" ብላኛለች።

ያን ሰኞ ግን፣ በሩ እንደተዘጋ፣ እትዬ ሽቦ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወለል ላይ የወደቁትን ለቅመን ወደ ማጠቢያው መለስን። ዳምጠው የሚቀጥለውን ተፋው፤ ትኩስ፣ ነጭ፣ ልስልስ። ሁለት ጫፍ እኔ፣ ሁለት ጫፍ እሷ ያዝን። ሳብን፣ አራገፍን፣ አንሶላው በመካከላችን ነፋ።

"ነይ" አልኳት።

መጣች። ጫፍ ከጫፍ ገጠመ፣ ግንባራችን ተጋጨ። ያ ስንተኛው አንሶላ እንደነበር አላውቅም፤ መቁጠሩን ረስቼዋለሁ።